በቃል ያደገ ልጅ
ስለ ጉዲፈቻና ስለ ሕግ እርዳታ በሐረር

በአገራችን የሰው ልጅ ወስዶ ማሳደግ እንደ ብርቅ የሚወራ ነገር አይደለም። የሟች ወንድም ልጅ፥ የድኻ እኅት ልጅ፥ አንዳንድ ጊዜም በደጃፍ የተጣለ ሕፃን ከቤቱ ልጆች ጋር ተቀላቅሎ፥ ከአንድ መሶብ በልቶ፥ በአንድ ምንጣፍ ተኝቶ ያድጋል። ጎረቤትም ቢሆን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የማን ልጅ እንደ ነበረ ይረሳዋል፤ ወይም የረሳ ይመስላል። የረሳ ይመስላል ማለታችን አንድ ቀን ስለሚያስታውሰው ነው። የሚያስታውሰውም አሳዳጊው ሞቶ አርባው ከወጣ በኋላ፥ ዘመዶች ተሰብስበው ስለ ቤቱ መነጋገር በጀመሩ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ትናንት «የቤቱ ልጅ» ይባል የነበረው፥ «ለመሆኑ አንተ በምን በኩል ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ይህን ጉዳይ ለመመልከት ሐረርን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሠሩት የጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው አሮጌው ከተማ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ጎብኚዎች በጠባቦቹ መንገዶች እየተመላለሱ ጅብ የሚያበላውን ሰው፥ መስጊዱን፥ በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ስፌት ፎቶግራፍ ያነሣሉ። የእኛ ጥያቄ ግን ከጎብኚው ይለያል። ይኸውም ያ ስፌት በተሰቀለበት ቤት ያደገችው የሰው ልጅ፥ አሳዳጊዋ ባረፈች ማግስት በዚያው ቤት ትቀመጣለችን? የሚል ነው። በጀጎል ውስጥ የአባት ቤት ዋጋው በብር ብቻ አይቆጠርም። ቦታው ውስን ነው፤ ግንቡ አይሰፋም፤ ወራሹ ግን በየትውልዱ ይበዛል።

ከዚህም በላይ በሐረር ሕጉ ብዙ ነው። የሐረሪ ክልል የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ካወጡት ክልሎች አንዱ ነው። ከክልሉ ወሰን ወጣ ሲሉ ኦሮሚያ ይጀምራል፤ ኦሮሚያም የቤተሰብ ሕጉን በ1995 ዓ.ም. አውጥቷል። የምሥራቅ ሐረርጌ ዞን አስተዳደር ደግሞ መቀመጫው እዚያው ሐረር ከተማ ነው። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው ድሬዳዋ ሲደርሱ የሚሠራው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፥ ማለት አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። በዚህ ሁሉ ላይ የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ። ከፈዲስ ወይም ከባቢሌ የመጣ ሕፃን በጀጎል ቢያድግና ነገሩ ለዳኛ ቢቀርብ፥ የሚገባበት በር የቱ እንደ ሆነ ለመናገር ሕግ የተማረ ሰው እንኳ ቆም ብሎ ማሰብ ይኖርበታል። ጫት ሸጣ የምታድር ሴትማ ምን ትሁን?

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። አማርኛ ለዚህ ነገር ስም አላነሰውም። ማደጎ የሚባለው ሌላ ሰው ወስዶ የሚያሳድገው ልጅ ነው፤ በስሙ ውስጥ ስለ መውረስ የሚናገር ነገር የለም። የጡት ልጅ የሚባለው ደግሞ በቀድሞው ልማድ ማር የተቀባ ጣት ወይም ጡት በመጥባት አንዱ ሌላውን አባት የሚያደርግበት ነው፤ በዚህ ብዙ ጊዜ ይፈለግ የነበረው ከለላና መጠጊያ ነው። ጉዲፈቻ ከኦሮምኛ የመጣ ሲሆን ማሳደግ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። በኦሮሞ ባህል በጉዲፈቻ የገባ ልጅ ከተወለደው እኩል ነው፤ አለመወለዱን በፊቱ መናገርም ነውር ነው። ሕግ አውጪዎቻችን ለአማርኛው ሕግ ይህን ሦስተኛውን ቃል መምረጣቸው ደግ አደረጉ ያሰኛል፤ ሙሉ ልጅነትን የሚናገረው እርሱ ብቻ ነውና።

ሐረር በዘመድ ቤት ስለ ማደግ የታወቀ ታሪክ አላት። ተፈሪ መኮንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ከሐረር ብዙ በማይርቀው በኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት በ1886 ዓ.ም. ሲያርፉ ገና ሁለት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። አባታቸው ራስ መኮንን በሹመትና በዘመቻ በሚመላለሱበት ጊዜ ልጁ ከዘመዳቸው ከእምሩ ጋር አብረው አደጉ። ራስ መኮንንም በ1898 ዓ.ም. ዐረፉ። እንዲህ ላለው ልጅ ወረቀት አያስፈልገውም፤ የማን ልጅ እንደ ሆነ አገር ያውቃል። ወረቀት የሚያስፈልገው የአባቱን ስም ከሰፈሩ በቀር የሚያውቅለት ለሌለው ልጅ ነው።

እንግዲህ ወደ ሕጉ እንግባ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 796 ጀምሮ ስለ ጉዲፈቻ ደንግጎ ነበር። የ1992ቱ የፌዴራል ሕግ ደግሞ ከአንቀጽ 180 እስከ 196 ድረስ ነገሩን በሰፊው ይዞታል። በዚህ ሕግ መሠረት የጉዲፈቻ አድራጊው ዕድሜ ከ25 ዓመት ማነስ የለበትም፤ ባልና ሚስት ከሆኑ ከሁለቱ አንዱ ይህን ዕድሜ ቢሞላ ይበቃል። ልጁ ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት። ወላጆቹ በሕይወት ካሉና የሚታወቁ ከሆነ ሁለቱም ፈቃዳቸውን መስጠት አለባቸው። ስምምነቱ የሚደረገው በአድራጊውና በልጁ አሳዳሪ መካከል ነው፤ ይሁን እንጂ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። ዳኛውም ከማጽደቁ በፊት የልጁን ሐሳብ ይሰማል፤ የአሳዳጊውን አቅም ይመለከታል፤ ነገሩ ለልጁ የሚበጅ መሆኑን ያረጋግጣል። ሐረር የራሱ ሕግ ስላለው አመልካች የክልሉን ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳያነጋግር ማመልከቻ መጻፍ የለበትም፤ ነገር ግን የነገሩን ጠባይ ለመረዳት የፌዴራሉ ሕግ በቂ ብርሃን ይሰጣል።

ሁለት ነገሮች በተለይ በሕዝቡ ዘንድ ሊታወቁ ይገባል። አንደኛው፥ ጉዲፈቻ ልጁን ከወለዱት ዘመዶቹ አይቆርጠውም። አንቀጽ 183 ልጁ ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለው ዝምድና እንደ ተጠበቀ ይቆያል ይላል፤ ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ በሚሆንበት ጊዜ ብቻ የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል። ስንቱ አጎት «የወንድሜን ዘር ልታጠፉ ነው» ብሎ ፈቃዱን የሚከለክለው ይህን ባለማወቁ ይሆን? ሁለተኛው፥ ጉዲፈቻ ተሰጥቶ የሚመለስ ዕቃ አይደለም። አድራጊው ልጁን እንደ ልጁ መያዙን ትቶ እንደ ባሪያ ወይም ባርነትን በሚመስል ሁኔታ ቢይዘው፥ ለጥቅሙ ሲል ከመልካም ጠባይ ውጭ የሆነ ሥራ ቢያሠራው፥ ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ አኳኋን ቢይዘው ነው ፍርድ ቤት ጉዲፈቻውን የሚሽረው። ከዘመድ ቤት የመጣችውን ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርቶ እንደ ሠራተኛ የሚያሠራ ቤት በአገራችን እንዳለ የማያውቅ አንባቢ የለምና፥ ይህን ቁጥር ቀለል አድርገን ልናልፈው አይገባንም።

ነገሩ ይበልጥ እንዲገባን አንዲት ሴት በሐሳባችን እንሣል። ቤቷ በአስማዲን በር፥ ብዙዎች የሸዋ በር በሚሉት በኩል ገባ ብሎ ነው እንበል። ባሏ ሞቷል፤ ራሷ አልወለደችም፤ ቤቱ የእርሷ ነው። እኅቷ በወሊድ ስትሞት የተረከበቻትን ሕፃን ዐሥራ ስድስት ዓመት አሳድጋለች። ሁለት ወንድሞች አሏት። አንድ ቀን ልጅቱ ከትምህርት ቤት ተመልሳ የልደት የምስክር ወረቀት አምጪ ተብያለሁ ትላታለች፤ ሴትዮዋም ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቀበሌ ትሄዳለች። ከጠረጴዛው በስተኋላ የተቀመጠው ወጣት ጸሐፊ ትሑት ሰው ነው እንበል። (ሐረር አንቱታን እንደማታበዛ የታወቀ ነው፤ እኛ ግን ለጽሑፉ ወግ ስንል ጸሐፊውን አንቱ እናሰኘዋለን።)

«የልጅቱ እናት ማን ይባላሉ፥ እማማ?»

«እኔ ነኛ፥ ልጄ።»

«የወለዷት እርስዎ ነዎት?»

«የወለደቻትስ እኅቴ ነበረች፤ አላህ ይዘንላት። ያሳደግኋት እኔ ነኝ።»

«የፍርድ ቤት ወረቀት አለዎት?»

«የምን ወረቀት? ሰፈሩ ሁሉ ያውቀን የለም እንዴ!»

ከዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት መጥፎ መንገዶች ተከፍተውለታል። አንደኛው «ግድ የለም፥ እርስዎን እናት አድርጌ ልጻፍ» ማለት ነው። ይህ ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሐሰት ነው፤ ሐሰት መሆኑንም የሟቿ ወንድሞች ያውቃሉ፤ ቀኑ ሲደርስ በምስክር አስረድተው ወረቀቱን ያስሽሩታል፤ ልጅቱም ያለ ጥፋቷ የሐሰት ሰነድ ይዛ ተገኘች ትባላለች። ሁለተኛው መንገድ «ፍርድ ቤት ሂጂ» ብሎ መስኮቱን መዝጋት ነው። ይህም እውነት ነው፤ ነገር ግን ያልተማረችን ሴት የፍርድ ቤት በር ላይ መጣል ነው። ትክክለኛው ሦስተኛው መንገድ የት ሄዳ፥ ማንን አነጋግራ፥ ምን ብላ እንደምታመለክት መንገር ነው። ለዚህ ደግሞ ጸሐፊው ራሱ ማወቅ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በሐምሌ ወር መጨረሻ 2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ልደትን፥ ጋብቻን፥ ፍቺንና ሞትን ብቻ ሳይሆን ጉዲፈቻንም ይመዘግባል። ስለዚህ የቀበሌው መዝገብ ለዚህች ልጅ የሚሆን ስፍራ አለው፤ የጎደለው ከዳኛ የሚመጣው ውሳኔ ነው።

ሴትዮዋ ፍርድ ቤት ደረሰች እንበል። በደጃፍ የተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ብዙ ጊዜ የሚጽፍላት የሞግዚትነት ማመልከቻ ነው፤ ለምዶታል፤ ቶሎም ያልቃል። ሦስት ምስክር ቀርቦ ሞግዚት መሆኗ ተረጋግጦ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጣታል። ሴትዮዋም ደስ ብሏት ወረቀቱን በሣጥን ትቆልፍበታለች። እነሆ ታላቁ ስሕተት ከዚህ ላይ ነው። ሞግዚትነትና ጉዲፈቻ አንድ አይደሉም። ሞግዚት ማለት አካለ መጠን ላላደረሰ ልጅ ጠባቂ ነው፤ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ሥልጣኑ ያበቃል፤ ልጁንም ወራሽ አያደርገውም። በሣጥን የተቆለፈው ወረቀት ልጅቱ 18 ዓመት በሞላት ቀን ዋጋውን ያጣል ማለት ነው። ይህን ልዩነት በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግራት ሰው በዚያ በር ላይ ቢኖር ኖሮ ስንት ክርክር ይቀር ነበር!

አሁን ሴትዮዋ ዐረፈች እንበል፤ ኑዛዜ አልተወችም፤ ወላጆቿም ቀድመው ሞተዋል። ልጅቱ በፍርድ ቤት የጸደቀ ጉዲፈቻ ካላት እንደ ተወለደች ልጅ ቤቱን ትወርሳለች፤ አጎቶቿ ምንም የላቸውም። ጉዲፈቻ ከሌላትና ነገሩ በፍትሐ ብሔር ሕግ ከታየ፥ የሟች እኅት ልጅ በመሆኗ በእናቷ ፈንታ ገብታ ከሁለቱ አጎቶቿ ጋር አንድ ሦስተኛ ትካፈላለች፤ አንድ ቤት ደግሞ ለሦስት አይቆረጥምና ብዙ ጊዜ ይሸጣል። በደጃፍ የተገኘች የባዕድ ልጅ ብትሆን ኖሮ ምንም አታገኝም። ነገሩ በሸሪዓ ከታየ ደግሞ ወንድሞች እያሉ የእኅት ልጅ አትወርስም። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ልጅቱ አንዲት ናት፥ ፍቅሩ አንድ ነው፥ ዐሥራ ስድስቱ ዓመት ያው ነው፤ ዕጣዋ ግን እንደ ወረቀቱና እንደ በሩ ይለያያል። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት የልጅን ነገር እያሰቡ ባይሆንም ለልጅም ይሠራል።

ስለ ሸሪዓው በር ጥቂት መዘግየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በአዲስ አበባ ተምረን የመጣን ወጣቶች ይህን ፈጥነን ስለምናልፈው ነው። የሙስሊሞች ዳኝነት በመንግሥት ሕግ የታወቀው ዛሬ አይደለም፤ በ1936 ዓ.ም. ስለ ቃዲዎችና ስለ ናኢባዎች የወጣው አዋጅ ጋብቻን፥ ሞግዚትነትን፥ ስጦታንና ውርስን ለእነርሱ ሰጥቶ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34ም ተከራካሪዎቹ ፈቃደኞች ሲሆኑ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። ፈቃድ የሚለው ቃል ይሰመርበት፤ ካልፈቀዱ ግድ የለም።

የእስልምና ሕግ የቲምን ማሳደግ አጥብቆ ያመሰግናል፤ የቲምን የሚበድለውንም አጥብቆ ይወቅሳል። ነገር ግን ያሳደገ ሰው ወላጅ አባት አይባልም፤ ልጁ በወለደው አባት ስም ይጠራል፤ በማደጉም ብቻ አይወርስም። ይህን ሥርዓት ዐረቦች ከፋላ ይሉታል፤ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 20 ላይ ከጉዲፈቻ ጎን ለጎን በስሙ ጠቅሶታል። ስለዚህ ለአንዲት አጥባቂ ሙስሊም እናት «ጉዲፈቻ አድርጊ» ብሎ መገፋፋት ምክር አይሆንም፤ ሃይማኖቷንና ልጅቷን አማርጪ ማለት ነው። ለእርሷ የሚሆነው ምክር ሌላ ነው። በሕይወት ሳለች ለልጅቱ በስጦታ ልትሰጥ ትችላለች፤ ይህም ሒባ ይባላል። ወራሽ ላልሆነ ሰው ከንብረቷ እስከ አንድ ሦስተኛ ድረስ ልትናዘዝም ትችላለች። ጨቅላነቷን በራሷ ጡት አሳድጋት እንደ ሆነ ደግሞ የጡት ዝምድና ይመጣል፤ በሻፊዒ መዝሀብ ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አምስት ጊዜ ከጠባ ለጋብቻ እንደ ሥጋ ዘመድ ይቆጠራል፤ ለውርስ ግን አይረዳም። እንግዲህ ከሁለቱም በሮች በአንዱ ለመግባት ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ጽሑፉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የሕግ እርዳታ የሚሰጥ ሰው ሁለቱንም በሮች ካላወቀ በሐረር ግማሽ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ባሕር ማዶው ጉዲፈቻ አንድ ነገር ማንሣት ግድ ይላል። የኢትዮጵያን ልጅ ባዕድ ወስዶ ማሳደጉ የቆየ ነገር ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ህንድ ወስደው ያሳደጉት ሕፃን ቻርልስ ማርቲን ተብሎ ሐኪም ሆነ፤ ወደ አገሩም ተመልሶ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ተባለ፤ ኋላም እዚሁ በሐረርጌ የጨርጨር ገዥ ሆኖ ሠራ። እንዲህ ያለ ዕድል ለሁሉ አልደረሰም። በ2010 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአንድ ዓመት ብቻ ወደ 2,500 የሚጠጉ ልጆች ወደ አሜሪካ ሄደዋል። በ2003 ዓ.ም. አንዲት ኢትዮጵያዊት ልጅ በዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ እጅ ሞተች፤ አሳዳጊዎቹም ተፈረደባቸው። በመጨረሻ በጥር ወር 2010 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ሰው የሚያደርገውን ጉዲፈቻ የሚፈቅደውን አንቀጽ አስወጣ።

ክልከላው ደግ ነው መጥፎ የሚለው ክርክር አሁንም አላለቀም፤ እኛ ደግ ነው ከሚሉት ወገን ነን። ነገር ግን አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። የውጭ አገሩ ጉዲፈቻ በነበረበት ጊዜ ጠበቃው፥ አስተርጓሚው፥ መኪናው፥ ፋይል ተሸካሚው ሁሉ ለዚያ ተሰልፎ ነበር፤ ከአንድ ቀበሌ የመጣች አክስት ግን የእኅቷን ልጅ ለማሳደግ ስትነሣ አንድ ማመልከቻ የሚጽፍላት አጥታ ትዞር ነበር። ባዕዱ ቀርቷል፤ ያ ሁሉ ዕውቀት ግን ወደ አክስቲቱ አልተዛወረም።

እርዳታው ከወዴት ይምጣ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆም የሚያዝዘው በወንጀል ተከሶ አቅም ላጣ ሰው ነው፤ ለጉዲፈቻ አመልካች እንዲህ ያለ መብት የለውም። በአንቀጽ 36 ግን ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንዲደረግና በጉዲፈቻ የሚያድጉበት መንገድ እንዲበረታታ ያዝዛል። ክፍተቱን ሲሞሉ የቆዩት ሌሎች ናቸው። ከሐረር ብዙ የማይርቀው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅ በከተማውና በአካባቢው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማእከሎች ከፍቶ ለድኾች ማመልከቻ ሲጽፍና ምክር ሲሰጥ ቆይቷል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም በሚሠራባቸው ከተሞች ለሴቶች ብዙ ደክሟል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ማኅበራት ሕግ ግን ከውጭ የሚመጣውን ገንዘብ በመገደቡ ሥራውን አዳክሞበት ነበር፤ ሕጉ በ2011 ዓ.ም. ተለወጠ። የፌዴራል ጠበቆችም በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ዋጋ እንዲያገለግሉ ደንብ ቁጥር 57/1992 ደንግጎ ነበር። አምሳ ሰዓት ቀላል አይደለም፤ ለአንድ ጉዲፈቻ የሚያስፈልገው የጥቂት ቀን ሥራ ነው። የዳኝነት ክፍያ የሚያስፈራው ሰውም በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 467 ድኻ ያለ ክፍያ እንዲከስ መፍቀዱን ቢያውቅ ይጽናናል።

በሕግ ትምህርት ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ስታነቡ «ጉዲፈቻ ትንሽ ነገር ነው፤ እኛ የምንፈልገው ትልቁን የንግድ ክርክር ነው» ትሉ ይሆናል። እኛም በዩኒቨርሲቲ ሳለን ስለ ቤተሰብ ሕግ ያጠናነው ለፈተና ያህል ነበር። ግን እስቲ የሰበር ችሎቱን መዝገብ ቁጥር 23632 ፈልጋችሁ አንብቡ። በ2000 ዓ.ም. የተፈረደ ነው። ነገሩ እናቱ የሞተችበትን ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምራ ያሳደገች አክስትና፥ ከረጅም ዘመን በኋላ መጥቶ «ወላጅ አባት እኔ ነኝ፥ ሞግዚትነቱ ለእኔ ይገባል» ያለ አባት ያደረጉት ክርክር ነው። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ለአባትየው ፈረዱ፤ በሕጉ ፊደል አባት ይቀድማልና። ሰበር ሰሚው ችሎት ግን ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ የሚቀድመው የልጁ ጥቅም ነው አለ፤ ልጁም ካሳደገችው ዘንድ እንዲቀር አደረገ። በዚያን ጊዜ የሰበር ውሳኔ በየትኛውም ደረጃ ያለ ፍርድ ቤት የሚከተለው ስለ ነበረ፥ የአንዲት አክስት ክርክር የአገር ሕግ ሆነ። ከዚህ የበለጠ ትልቅ ነገር የት ይገኛል? ዳሩ ግን ያች አክስት እስከ ሰበር ድረስ የተጓዘችበትን መንገድ ሁሉም አይጓዘውም፤ ድካሙም ገንዘቡም የለውም። ጉዲፈቻው ቀድሞ ቢጻፍ ኖሮ መንገዱም ባላስፈለገ ነበር።

ለቀበሌና ለወረዳ ሹማምንትም አንድ አሳብ እናቅርብ። በሐረር አፎቻ የሚባል ማኅበር አለ፤ ወንዶቹ ለብቻ ሴቶቹ ለብቻ ሆነው በሠርግና በለቅሶ የሚረዳዱበት ነው፤ የሌላው አገር እድር የሚሠራውን ይሠራል፤ ከዚያም አልፎ ነገር ያበርዳል፥ ወሬ ያደርሳል። የማን ቤት ውስጥ የማን ልጅ እንደሚያድግ ከአፎቻ የበለጠ የሚያውቅ መዝገብ ቤት የለም። የሕግ ተማሪ በቢሮ ተቀምጦ ደንበኛ ከሚጠብቅ፥ በወር አንድ ቀን የሴቶቹ አፎቻ ዘንድ ቢገኝ በአንድ ከሰዓት በኋላ ብዙ ቤት ይደርሳል። ክርስቲያኖቹም ከግንቡ ውጭ በእድራቸው እንዲሁ ሊያደርጉ ይችላሉ።

ጉዲፈቻው ባይሆን እንኳ ኑዛዜ አለ፤ ኑዛዜም ሥርዓት አለው። ብዙ እናቶች በሕመም አልጋ ላይ ሆነው «ቤቱ ለልጄ ነው» ብለው ይናገራሉ፤ የሰማም ሁሉ ያለቅሳል። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ግን በቃል የተነገረ ኑዛዜን የሚቀበለው ለጥቂት ነገር ብቻ ነው፤ በገንዘብ በኩል ለአንድ ሰው ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ ነው፤ ተናዛዡ ከዳነና ሦስት ወር ካለፈም ይፈርሳል። ቤት በቃል አይናዘዝም። ተናዛዡ መጻፍ የሚችል ከሆነ ሙሉውን በገዛ እጁ ጽፎ፥ ኑዛዜ መሆኑንም በግልጽ ገልጾ ሊፈርም ይችላል። መጻፍ ለማይችል ደግሞ ሌላ ሰው ይጽፍለታል፤ በእርሱና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራ ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። የመነበቡ ነገርና ቀኑ በራሱ በኑዛዜው ላይ ካልተጻፈ ግን፥ አራቱም ምስክሮች ፈርመውበት ሳለ ኑዛዜው ይወድቃል። ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር መዝለል ቀላል ነው። በአፎቻው ስብሰባ አራት ምስክር አይጠፋም፤ የሚፈለገው ያችን ዓረፍተ ነገር የሚያውቅ አንድ ጸሐፊ ነው።